ዘፋኞች ከኩባንያዎቻቸው የተሟገቱበት ዓመት፤ የ1971 ሸክላዎች ታሪክ

የታሪክ ጸሐፊ ዓመታትን የሚለይባቸው ምልክቶች በልማድ የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም ጦርነት፥ የመንግሥታት ውል፥ የንጉሥ ሞት፥ ረኃብና ቸነፈር ነው። አንድ ዓመት በወጡበት የሙዚቃ ሸክላዎች ተለይቶ ሊታወስ ይችላል ቢባል፥ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቀልድ ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ ሸክላ ማለት ሰው ድምፁን አስቀርጾ ለማያውቀው ሰው የሚልከው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤም የታሪክ ማስረጃ መሆኑን በመዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ዛሬ የምንመለከተው በፈረንጆች አቈጣጠር 1971 የሚባለውን ዓመት ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ከታኅሣሥ 1963 እስከ ታኅሣሥ 1964 ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆቹ አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ጥቁር አሜሪካውያን ሶል፥ ጃዝና ፋንክ በሚባሉት በሦስቱ የሙዚቃ መንገዶች ካወጧቸው ሸክላዎች ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዛሬም የሚደመጡት እጅግ ብዙዎች ናቸው። በበኩሌ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ እህሉ የሰመረበት የሙዚቃ ዓመት አላውቅም።

ስለ ስሞቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሶል በቋንቋቸው ነፍስ ማለት ሲሆን፥ የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን የአዘማመር ስልት ወደ ዓለማዊው ዘፈን ሲገባ የተወለደ ነው፤ ስለዚህ ነው የፍቅር ዘፈኑ እንኳ የጸሎት ያህል የሚያስጨንቀው። ጃዝ ከሦስቱ ታላቁ ነው፤ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ አድጎ፥ ተጫዋቹ በተሰጠው ዜማ ላይ የራሱን በቅጽበት እየፈጠረ እንዲጨምርበት የሚፈቅድ ጥበብ ነው። ፋንክ ግን ታናሹ ነው። ጄምስ ብራውን የሚባለው ዘፋኝ በ1960ዎቹ መካከል ጊታሩንም ጥሩምባውንም የራሱንም ድምፅ ሁሉ ወደ ከበሮነት ለወጣቸው፤ የምቱንም ክብደት በመጀመሪያው ቍጥር ላይ አሳረፈው። ፋንክን የሚሰማ ሰው ዜማውን ለማንጐራጐር አይመቸውም፤ እግሩን ለማሳረፍ ግን አይቻለውም።

ከዚያ ዓመት በፊት የሶል ዘፋኝ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ሳናውቅ የ1971ን ነገር ለመረዳት አንችልም። ዘፋኙ በኩባንያው ዘንድ እንደ ቅጥር ሠራተኛ ነበር። ዘፈኑን የሚመርጥለት ኩባንያው፥ ሙዚቃውን የሚያቀነባብርለት ኩባንያው፥ በሽፋኑ ላይ የሚለብሰውን ልብስ እንኳ የሚወስንለት ኩባንያው ነበር። የሚሸጠውም ትንሹ ሸክላ ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፥ በየፊቱ አንድ አንድ ዘፈን የያዘ፥ ከሦስት ደቂቃም ብዙ የማያልፍ። በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ በሶል ነጋዴዎች ዘንድ የትንንሾቹ ማጠራቀሚያ ከረጢት ከመሆን አልፎ አያውቅም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ዐይነቱ አሠራር ዋና ጌታ በዲትሮይት ከተማ የሚገኘው ሞታውን የተባለው ኩባንያ ነው። መሥራቹ ሚስተር ቤሪ ጎርዲ በወጣትነቱ ከፎርድ ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያዎች በአንዱ ሠርቷል፤ በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ የሸክላ ሥራ ሲጀምርም የፋብሪካውን ሥርዐት ይዞ ገባ። ባዶ የመኪና አካል በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል እያበራ እንደሚወጣ፥ የመንደር ልጅም በአንድ በር ገብቶ በሌላው በር ዝነኛ ዘፋኝ ሆኖ እንዲወጣ ፈለገ፤ ተሳካለትም። በየሳምንቱ ኮሚቴ ተሰብስቦ የተቀረጹትን ዘፈኖች እየሰማ ድምፅ ይሰጥባቸዋል፤ ያለፈው ይታተማል፥ የወደቀው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ነገሩን እንዲሁ የምናቃልለው አይደለም፤ ጥቁር ሰው የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ ለነጩም ለጥቁሩም ገበያ መሸጡ በዚያ አገር በዚያ ዘመን ትልቅ ድል ነበር።

ከኩባንያው ዘፋኞች አንዱ ማርቪን ጌይ ነው። የሰባኪ ልጅ ነው፤ ያገባውም የሚስተር ጎርዲን እኅት አናን ነበር። አለቃው የሚስቱ ወንድም የሆነበት ሰው በመሥሪያ ቤት ውስጥ ስለሚደርስበት ነገር ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም። በ1960ዎቹ ውስጥ የተሰጠውን የፍቅር ዘፈን ሁሉ ዘፈነ፤ ሸክላዎቹም ተሸጡ። ነገር ግን አብራው ትዘፍን የነበረችው ታሚ ቴሬል በአንጎል ዕጢ ታማ በማርች 1970 በ24 ዓመቷ በሞተች ጊዜ ልቡ ተሰበረ። በሌላ በኩል ወንድሙ ፍራንኪ በቪየትናም ጦርነት ዘምቶ ያየውን ሁሉ ነገረው። ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው ስለ ፍቅር ብቻ መዝፈኑ ውሸት ሆኖ ታየው።

የዝነኛው ዘፈን መነሻ ግን ከእርሱ አይደለም። ፎር ቶፕስ ከሚባለው የሞታውን ቡድን አንዱ የሆነው ሬናልዶ ቤንሰን በ1969 በካሊፎርኒያ፥ በበርክሌይ ከተማ ፖሊስ ወጣቶችን ሲደበድብ አይቶ ነበር። ያየው ነገር ጥያቄ ሆነበት፤ ጥያቄውንም ከአል ክሊቭላንድ ጋር ሆኖ ዘፈን አደረገው። ጓደኞቹ ግን ይህ የተቃውሞ ዘፈን ነው ብለው አልዘፍንም አሉት። ማርቪን ጌይ ተቀበለው፥ ቃልም ዜማም ጨመረበት፥ ስሙም «ዋትስ ጎይን ኦን» ሆነ፤ ምን እየተደረገ ነው? እንደ ማለት ነው።

በ1970 አጋማሽ ተቀርጾ ለአለቃው ቀረበ። ሚስተር ጎርዲ አልወደደውም፤ የፖለቲካ ነገር የዘፋኙን ገበያ ያበላሽበታል ብሎ ሠጋ፤ አሠራሩም የተለመደው አልነበረም። ማርቪን ጌይ ይህ ዘፈን ካልወጣ ሌላ አልቀርጽም ብሎ ተቀመጠ። እንደ ሠራተኛ ሥራ ማቆሙ ነው። ወራት አለፉ። በመጨረሻ በጃንዋሪ 1971 ትንሹ ሸክላ ወጣ፤ ወዲያውም በጥቁሮቹ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ፥ በጠቅላላው ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆነ። ይህን ጊዜ ያው ኩባንያ ትልቁን ሸክላ ቶሎ ጨርስልን አለ፤ በማርች በጥቂት ቀናት ተቀረጸ፥ በሜይም ለገበያ ወጣ። እንዲህ ያለው መገለባበጥ በሸክላ ኩባንያ ብቻ የሚታይ ነገር አለመሆኑን እየታዘብን እንለፍ።

ይህን ሸክላ ልዩ ያደረገው ምንድን ነው? ዘጠኙ ዘፈኖች አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ፥ ብዙ ጊዜም ዝምታ ሳይለያቸው እንደ አንድ ድርሰት ይሄዳሉ። የሚናገረው ከጦር ሜዳ ወደ አገሩ የተመለሰ ወታደር ነው፤ ሥራ አጥነትን፥ የዕፅ ሱስን፥ የተመረዘ አየርና ባሕርን፥ የድኾችን ሰፈር ያያል፤ አይቶም አይሳደብም፤ ይጠይቃል እንጂ። ቍጣ በለሆሳስ ሲነገር ከጩኸት ይልቅ እንደሚያስፈራ ይህ ሸክላ ምስክር ነው። የማርቪን ድምፅ ሁለት ሆኖ፥ ራሱ ለራሱ እንደሚመልስ ሆኖ ይሰማል፤ ይህም የመጣው በአጋጣሚ ነው ይባላል። የቀረጻው ባለሙያ ሁለት ጊዜ የተዘፈነውን ዘፋኙ አነጻጽሮ እንዲመርጥ ብሎ በአንድነት ቢያሰማው፥ ማርቪን ሁለቱንም ወሰደ።

ሌላም ነገር አለ፤ በእኔ ግምት ከዜማው ያላነሰ ነገር ነው። የሞታውንን ዘፈን ሁሉ ለዐሥር ዓመት ያህል ይጫወቱ የነበሩት የዲትሮይት ሙዚቀኞች፥ ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት፥ ስማቸው በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ አይጻፍም ነበር። በዚህ ሸክላ ላይ ተጻፈ። ከእነርሱ አንዱ ጄምስ ጀመርሰን ነው፤ ቤዝ ጊታሩን በአንዲት ጣቱ ብቻ እየመታ፥ ቤዝ የሚባለው መሣሪያ ከበታች ሆኖ ዜማ ሊዘፍን እንደሚችል ለዓለም ያስተማረ ሰው ነው። ዓለም ድምፁን እያወቀ ስሙን አያውቅም ነበር። ክብሩ ግን ብዙ አልቈየም። በሚከተለው ዓመት በ1972 ሞታውን ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ከዲትሮይት ቀሩ። ጀመርሰን ኩባንያውን ተከትሎ ቢሄድም አልቀናውም። በ1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት በታላቅ ትርዒት ሲከበር እርሱ ከመድረክ ላይ ሳይሆን ከተመልካች መካከል ነበረ፤ በዚያው ዓመት በ47 ዓመቱ ሞተ።

የማርቪንን ክርክር ከጐን ሆኖ ሲመለከት የነበረ አንድ ወጣትም በዚያው ቤት ነበረ። ስቲቪ ዋንደር በሜይ 1971 ዕድሜው 21 ሞላ፤ በልጅነቱ የተፈረመለት ውልም በዚያው አበቃ። በሚከተለው ዓመት አዲስ ውል ሲፈርም ሥራውን ራሱ እንዲያዝበት በግልጥ አስጻፈ። ከዚያ በኋላ የሠራቸውን ሸክላዎች ለመዘርዘር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ከፋብሪካ ባለቤት ወደ ፋብሪካ ሠራተኛ እንሂድ። ቢል ዊዘርስ በዌስት ቨርጂኒያ፥ በድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች አገር ስላብ ፎርክ በምትባል መንደር በ1938 ተወለደ። በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በባሕር ኃይል አገለገለ፤ ከዚያም በካሊፎርኒያ ለአውሮፕላን የመጸዳጃ ቤት ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ከደመወዙ እየቈጠበ ዘፈኖቹን በራሱ ገንዘብ አስቀረጸ። ሰሴክስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ሲቀበለውና «ጀስት አዝ አይ አም» የተባለው የመጀመሪያ ሸክላው በሜይ 1971 ሲወጣ ዕድሜው ወደ 33 እየሄደ ነበር፤ በዚህ ሥራ ዕድሜው ያለፈበት ያስባለዋል። በሽፋኑ ላይ የሚታየው ሥዕል በፋብሪካው በር፥ በምሳ ሰዓት፥ የምሳ ሣጥኑን እንደ ያዘ የተነሣው ነው። ሸክላው ወጥቶም ሥራውን ወዲያው አልለቀቀም፤ የዘፈን ነገር አይታመንም ብሎ ነበርና። የወር ደመወዝ ያለው ሰው ይህን አሳቡን ይረዳለታል።

የሸክላው አዘጋጅ የሜምፊሱ የኦርጋን ሊቅ ቡከር ቲ. ጆንስ ነው። በውስጡ ያለችው «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» የምትባለው ዘፈን ሁለት ደቂቃ ጥቂት ብታልፍ ነው። በመካከሏ ዘፋኙ አንዲት አጭር ሐረግ 26 ጊዜ ይደጋግማል። እዚያ ላይ ሌላ ግጥም ሊጽፍ አስቦ ነበር፤ ሙዚቀኞቹ ግን እንዲሁ ተዋት አሉት፥ እርሱም ሰማቸው። በትንሹ ሸክላ ጀርባ ላይ ተደርጋ ወጥታ ሳለ የራዲዮ ሰዎች ገልብጠው አሰሟት፤ በሚከተለውም ዓመት የግራሚ ሽልማት አገኘች። ሐዘን ቃል ሲያጥረው እንዲሁ አንዲቱን ቃል ደጋግሞ እንደሚል፥ የለቅሶ ቤት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከዓመቱ ሸክላዎች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል፥ የማርቪንን ታላቅነት ሳልክድ፥ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

በኖቬምበር የወጣው የስላይ ስቶን ሸክላ ግን የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ስላይ ስቶን በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋመው ቡድን ጥቁርና ነጭ፥ ወንድና ሴት በአንድነት የሚጫወቱበት ነበር፤ በ1969 በውድስቶክ ሜዳ የተሰበሰበውን ሕዝብ በሌሊት ያስነሣም ይኸው ቡድን ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዚያ ተስፋ ነገር ሁሉ ተለወጠ። ዘፋኙ በዕፅ ተያዘ፥ ለትርዒት ቀጠሮ አይደርስም፥ ከበሮ መቺው ግሬግ ኤሪኮ ጥሎት ሄደ። እርሱም ብዙውን ብቻውን ሆኖ፥ በከበሮ መቺ ፈንታ ምት የሚያወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሣጥን እያስመታ ቀረጸ። በአንዱ ቴፕ ላይ ደጋግሞ ስለ ቀረጸበት ድምፁ የተልባ እግር ያለፈበት ይመስል ደብዝዟል። ስሙም «ዜርስ ኤ ራየት ጎይን ኦን» ተባለ፤ ሁከት እየተደረገ ነው ማለት ነው፤ ብዙዎችም ለማርቪን ጌይ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ይላሉ። አስገራሚው ግን በዚህ ስም የተጠራው ዘፈን በሸክላው ላይ ርዝመቱ ባዶ ሰከንድ ተብሎ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ ምንም ድምፅ የለውም። በኋላ ዘመን ሲጠየቅ፥ ሁከት እንዳይኖር ስለምፈልግ ነው ብሎ መለሰ።

ይህ የደከመና የጨለመ ሸክላ በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ «ፋሚሊ አፌር» የተባለችውም ዘፈን እንዲሁ። የመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው ማጫወቻው የተበላሸበት ሊመስለው ይችላል። ታግሦ ለሚሰማው ግን የ1960ዎቹ ተስፋ እንዴት እንደ ከሰመ ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት አብልጦ ይነግረዋል። ስላይ ስቶን እስከ 2025 ኖሮ በጁን ወር ዐረፈ።

ሜምፊስ የራሷ ታሪክ አላት። ስታክስ የተባለው ኩባንያ በአንድ አሮጌ የሲኒማ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች ጐን ለጐን ተቀምጠው የሚጫወቱበትም ቤት ነበር። በዲሴምበር 1967 ዋናው ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ በአውሮፕላን አደጋ ሞተበት፤ በ1968 ደግሞ ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር የነበረው ውል ሲፈርስ የቀድሞ ሸክላዎቹ ባለቤትነት በውሉ ውስጥ በነበረ አንቀጽ ምክንያት ከእጁ ወጣ። ውል ሳያነቡ መፈረም ያመጣው ጣጣ ነው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉት የስታክስ ሰዎች ይሰበሰቡበት በነበረው በሎሬን ሞቴል ነው። ከዚህ ሁሉ ፍርስራሽ መካከል ቀና ያለው አይዛክ ሄይስ ነው። በቴነሲ ገጠር በድኽነት ተወልዶ፥ ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው፤ በልጅነቱ ጥጥ ለቅሟል። በ1971 ጎርደን ፓርክስ ለሠራው «ሻፍት» ለተባለው ፊልም ሙዚቃውን ደረሰ። ዋናው ዘፈን ሲጀምር ከበሮ መቺው የብረት ሳሕኑን ሳያቋርጥ ይነካካል፥ ጊታሩ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ እየታጠፈ እንደ ሰው ይናገራል፥ ክራሩ መሰንቆው ሁሉ እንደ ተሰበሰበ የፈረንጆቹ አውታር መሣሪያዎች ይከተላሉ፤ ዘፋኙ አፉን የሚከፍተው ከሁለት ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በኤፕሪል 1972 በዚህ ዘፈን የኦስካር ሽልማት ሲሰጠው፥ በምርጥ ዘፈን ክፍል ለጥቁር ሰው የመጀመሪያው ነበረ፤ ከጐኑ ያስቀመጣትም ያሳደገችው አያቱን ነው። ስታክስ ግን አልዳነም፤ በ1975 መጨረሻ ከሠረ።

በዚያችው ከተማ አል ግሪን በዊሊ ሚቸል አዘጋጅነት ለስላሳውን የፍቅር ዘፈን ወደ ፍጹምነት ያደርስ ነበር። በቺካጎም ከርቲስ ሜይፊልድ ከርቶም በተባለው በራሱ ኩባንያ ሁለት ሸክላዎች አወጣ፤ ከማንም ጋር አልተሟገተም፥ ሙግቱን አስቀድሞ ኩባንያ በማቋቋም ጨርሶት ነበርና።

አሬታ ፍራንክሊን በማርች 1971 በሳን ፍራንሲስኮ ፊልሞር ዌስት በተባለው አዳራሽ ለሦስት ሌሊት ዘፈነች፤ ሸክላው በሜይ ወጣ። በመጨረሻው ሌሊት ሬይ ቻርልስን ከተመልካች መካከል እጁን ይዛ ወደ መድረክ አወጣችው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን በጽሑፍ መግለጽ ከንቱ ድካም ነው። ሙዚቀኞቿን የመራው ሳክስፎን ተጫዋቹ ኪንግ ከርቲስ ነበር። የእርሱ የራሱ ሸክላ፥ ከዚያው አዳራሽ የተቀረጸው፥ በኦገስት ለገበያ ወጣ፤ በዚያው ወር በኒው ዮርክ ከቤቱ ደጅ በተነሣ ጠብ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። በቀብሩ ላይ አሬታ ዘመረች።

ስለ ፋንክ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ጄምስ ብራውን በዚያ ዓመት ኪንግ ከሚባለው የቀድሞ ኩባንያው ወደ ፖሊዶር ተዛወረ፤ ወጣቶቹ የኮሊንስ ወንድማማቾች ግን ጥለውት ሄዱ፤ ታናሹ ቡትሲ በኋላ ወደ ጆርጅ ክሊንተን ተጠጋ። ጆርጅ ክሊንተን ደግሞ በጁላይ 1971 ፈንካዴሊክ በተባለው ቡድኑ ስም «ማጎት ብሬን» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ። የመጀመሪያው ክፍል ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ጊታሪስቱ ኤዲ ሄዝል ብቻውን ያለቅሳል ማለት ይቀላል። ክሊንተን ለወጣቱ እናትህ የሞተች መስሎህ ተጫወት ብሎታል ይባላል። ሌሎቹ ሙዚቀኞች አብረው ተጫውተው ነበር፤ አዘጋጁ ግን ድምፃቸውን እየቀነሰ አጠፋውና ልጁን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ተወው።

በጃዝ ዘንድ ዓመቱ የሐዘንም የክርክርም ዓመት ነበረ። በጁላይ 6 ቀን ሉዊስ አርምስትሮንግ በኒው ዮርክ በቤቱ ዐረፈ። ሌሎቹ የቆሙበትን መሠረት የጣለው እርሱ ነበር፤ ሲሞት ግን ልጆቹ የሠሩትን ቤት አያቱ የሚያውቀው አይመስልም ነበር። ማይልስ ዴቪስ የጥሩምባውን ድምፅ ከኤሌክትሪክ ጋር አጋብቶ፥ በመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን በጃክ ጆንሰን ስም የሰየመውን ሸክላ በ1971 መጀመሪያ አወጣ። ቀረጻው የተጀመረው፥ ማይልስ ከአዘጋጁ ከቲዮ ማሴሮ ጋር ሲነጋገር ጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊን መጠበቅ ሰልችቶት መጫወት ስለ ጀመረ ነው። ኸርቢ ሃንኮክ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ቢል ከአንድ አሮጌ ኦርጋን ፊት አስቀመጡት። ማሴሮም ቴፑን በምላጭ እየቈረጠና እያጣበቀ ሥራውን አበጀው። የጃዝ ወዳጆች ብዙዎቹ ይህ ጃዝ አይደለም ብለው ተቈጡ። ቍጣቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም አርምስትሮንግም በዘመኑ እንዲሁ ካለ ቍጣ አላመለጠም።

ሃንኮክ ራሱ በዚያው ዓመት ምዋንዲሺ የተባለ ሸክላ አወጣ። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ ጸሐፊ ወይም ደራሲ ማለት ነው፤ እርሱና ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው የስዋሂሊ ስም ወስደው ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል በዚያን ጊዜ ታስራ ለነበረችው ለአንጀላ ዴቪስ መታሰቢያ አደረገው፤ ምቱ በዐሥራ አምስት የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ የእኛን ጭፈራ የለመደ እግር እንኳ መጀመሪያ ላይ ይሰናከላል።

ከሁሉ የተለየችው አሊስ ኮልትሬን ናት። ባሏ ጆን ኮልትሬን በ1967 ከሞተ በኋላ ፒያኖውንና ሃርፕ የሚባለውን ታላቁን የፈረንጆች በገና ይዛ ልጆቿን እያሳደገች ቀጠለች። ጥሞና ያስተማሯትን የሕንድ መምህር ስም ያስገባችበት «ጀርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ» የተባለው ሸክላ በ1971 መጀመሪያ ወጣ፤ አብዛኛው የተቀረጸው በኒው ዮርክ አቅራቢያ ባለው በራሷ ቤት በተሠራ ስቱዲዮ ነው። ታንቡራ የሚባለው የሕንድ አውታር ከበታች ያለማቋረጥ ያንጐራጕራል፥ ፋሮው ሳንደርስ በሳክስፎኑ ያዜማል፥ እርስዋ አውታሮቹን እንደ ውኃ ታፈሳቸዋለች። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር መስማት የለመደ ኢትዮጵያዊ ይህን ሸክላ እንደ ባዕድ አይሰማውም፤ የዜማው ቅኝት ሌላ ነው፥ የልቡ አቀማመጥ ግን አንድ ነው።

ጊል ስኮት ሄረን ገና በ22 ዓመቱ፥ አንድ ልብ ወለድ አሳትሞ የጨረሰ ልጅ ሳለ፥ በኤፕሪል 1971 በሁለት ቀን «ፒስስ ኦቭ ኤ ማን» የተባለውን ሸክላ ቀረጸ። በቤዝ ሮን ካርተር፥ በዋሽንት ሂዩበርት ሎውስ፥ በፒያኖ ብራያን ጃክሰን አጀቡት። ግጥሙን በከበሮ ላይ እየተናገረ ማለፉ ለኋለኛው ለራፕ ዘፈን መንገድ ከጠረጉት አንዱ አድርጎታል። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚታወቀው አብዮት በቴሌቪዥን አይታይም የሚል ስም የሰጠው ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ሸክላው በስሙ የተጠራበት፥ ሥራውን ስላጣ አባት የሚናገረው ዘፈን ነው።

ይህ ሁሉ በአሜሪካ ሲሆን አፍሪካ ከሩቅ ብቻ አላደመጠችም። በማርች 6 ቀን 1971 ጋና 14ኛውን የነጻነት በዓሏን ስታከብር፥ ዊልሰን ፒኬት፥ ቲና ተርነር፥ ስቴፕል ሲንገርስና ሌሎችም በአክራ አደባባይ ሌሊቱን ሙሉ ዘፈኑ፤ ፊልሙም ሸክላውም በዚያው ዓመት ወጣ።

በአዲስ አበባስ? የሶል ሸክላ በመርከበኛ፥ በተማሪ፥ በሰላም ጓድ መምህራን ሻንጣ ይገባ ነበር፤ አሥመራ በነበረው በቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ራዲዮም ይሰማ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ እንደ ጄምስ ብራውን እየጮኸ በአማርኛ ሲዘፍን ወጣቱ ይደሰት፥ ሽማግሌው ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እዚህ የነበረው ሙግት ግን ከዲትሮይቱም የባሰ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለ ነበር፥ ዘፋኝ ይቅርና ነጋዴ እንኳ በራሱ ገንዘብ የሰውን ድምፅ ማሳተም አይፈቀድለትም። አምኃ እሸቴ የተባለው የሸክላ ሱቅ ባለቤት በ1969፥ ገና ከሃያ አምስት ዓመት በታች ሳለ፥ ቢያስሩኝም ልታሰር ብሎ ቈርጦ የዓለማየሁን ዘፈን አስቀረጸና በሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። አልታሰረም። ሸክላው ተሸጠ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1971 የእርሱ ማሳተሚያ በሥራ ላይ ሳለ፥ ሙላቱ አስታጥቄ የራሱን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር እያዋሐደ ነበር፤ በስሙና በአገሩ ስም የተጠራው ሸክላውም በ1972 በኒው ዮርክ ወጣ።

አምኃ እሸቴ ከአብዮቱ በኋላ በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አሳትሟል። እርሱ በኤፕሪል 2021፥ ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዐረፉ። በእነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች ፊት ላይ፥ በክቡ ወረቀት መካከል፥ የዘፋኙ ስም በአማርኛ ፊደል፥ የማሳተሚያውም ስም አምኃ ተብሎ ታትሞ ይነበባል።